ሰምቶ የሚያሰማ
በጎጃም ደጋ የሥራ ጓዶችን ስለ መምራትና ስለ መደማመጥ

ሚያዝያ 29 ለ30 አጥቢያ፥ የወንጌላዊው የቅዱስ ማርቆስ በዓል በሚከበርበት ሌሊት፥ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ የዛሬ ስሟን ባገኘችበት ደብር ቅኔ ማሕሌት ውስጥ የሚያድር ሰው፥ ከዜማው ጣዕም ጋራ ዜማው የሚመራበትን ሥርዓት ቢያስተውል፥ ስለ ሰው አመራር ብዙ ትምህርት ቀስሞ ይወጣል። ሊቃውንቱ ነጭ ሸማቸውን ተጐናጽፈው፥ ጥምጥማቸውን አሳምረው፥ መቋሚያቸውን ይዘው በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል፤ ቀኙን ቀኝ ጌታው፥ ግራውን ግራ ጌታው ይዘውታል፤ መሪጌታውም የሌሊቱን ቀለም በልባቸው ይዘው ከመካከል ቆመዋል። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፤ የመጀመሪያው ሲፈጽም ሁለተኛው ያንኑ ቃል ተቀብሎ ይመልሰዋል፤ እንዲህም እየተቀባበሉ፥ መጀመሪያ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል በቁም ዜማ፥ ቀጥሎ መቋሚያው እየተወዛወዘ በዝማሜ፥ ከዚያም ከበሮው ገብቶ በመረግድ ረጋ ብለው፥ በመጨረሻም በጽፋት እየፈጠኑና እየሞቁ ይሄዳሉ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማንም ከጓደኛው ቀድሞ አይሮጥም፥ ማንም ወደ ኋላ አይጐተትም። ከበሮ መቺው እጁን የሚያሳርፈው የጸናጽሉን ድምፅ እየሰማ ነው፤ ጸናጽል የያዘውም እጁን የሚያነሣው የሚመራውን ሊቅ አፍ እያየ ነው፤ ቃሉ የጠፋበት ወጣት ደብተራ ቢኖር፥ በአጠገቡ ያለው ታላቁ ዝቅ ባለ ድምፅ ያቀብለዋል እንጂ በጉባኤ መካከል አያዋርደውም። መሪጌታውም ከማዜማቸው ይልቅ በመስማታቸው ይደክማሉ፤ የቀኙን መድከም፥ የግራውን መፍጠን፥ የከበሮውን መሳት ቀድሞ የሚያውቅ ጆሮ ከሌላቸው መሪጌትነታቸው ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በዚያችው ከተማ ሰኞ ጧት በአንድ መሥሪያ ቤት የሚደረገውን ስብሰባ ደግሞ እንመልከት። እንዲህ ያለው ስብሰባ በደብረ ማርቆስም፥ በደጀንም፥ በፍኖተ ሰላምም፥ በአዲስ አበባም የሚደረግ ስለ ሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ኃላፊው ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠው የሳምንቱን ዕቅድ ያነባሉ፤ ያልተፈጸመውን እየቈጠሩ ይወቅሳሉ፤ ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻ ይጽፋል፤ በመጨረሻም «ጥያቄ ያለው አለ?» ይባላል፥ ጥያቄ ያለው ግን አይገኝም። ስብሰባው ተዘግቶ ሰዎቹ ከደጅ እንደ ወጡ፥ ያልተጠየቀው ጥያቄ፥ ያልተነገረው ሐሳብ፥ በዕቅዱ ውስጥ ያለው ስሕተት ሁሉ በኮሪደሩ ውስጥና በቡናው ዙሪያ ይነገራል። አዳራሽ ውስጥ ዝም ያለው ሰው ሁሉ እዚህ አንደበተ ርቱዕ ነው። ይህን ሁለተኛውን ስብሰባ የማይሰሙት ኃላፊው ብቻ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ዕውቀት አላጣም፤ ዕውቀቱ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ግን ተዘግቶበታል።

የሥራ መሪ የመጀመሪያ ግዴታው መናገር ሳይሆን መስማት ነው፤ ሁለተኛው ግዴታውም በሥሩ ካሉት ሁሉ የሚያንሰው ሰው ቃል ሳይፈራ ወደ እርሱ የሚደርስበትን ሥርዓት ማቆም ነው። ይህን ለመማር ጎጃሜ ወደ ውጭ አገር መሄድ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ሥርዓቱ በደብሩ፥ በጉባኤ ቤቱና በእርሻው ውስጥ አብሮት ኖሯል፤ ይህ ሥርዓት በተዘነጋ ጊዜ የሚደርሰውም ጥፋት በገዛ ታሪኩ ተጽፏል።

ሁለት ውርሶች

ስለ ሹመት ከአባቶቻችን የወረስነው ትምህርት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሁለት ነው፥ ሁለቱም እስከ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጐን ለጐን ይኖራሉ። አንደኛው «ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ» የሚለው፥ ሹም ከጥያቄ በላይ ነው ብሎ የሚያስተምረው፥ እንዲያም ሲል «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» እያለ ሹመትን ከአገልግሎት አርቆ ወደ ጥቅም የሚያስጠጋው ነው። ይህን ትምህርት የተቀበለ አለቃ ዝምታን አክብሮት፥ ጥያቄን ድፍረት፥ የተለየ ሐሳብን ዐመፅ አድርጎ ይቈጥራል፤ በሥሩ ያለው ሠራተኛም ያንኑ ትምህርት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለ ተማረው፥ በታላቅ ፊት መናገር ነውር እየመሰለው፥ የሚያውቀውን ጕድለት በሆዱ ይዞ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ውርስ «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለው ነው፤ ይህም በተረትነት ብቻ አልቀረም፥ በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። በቀድሞው የነገሥታት ችሎት ክርክር ተሰምቶ ካለቀ በኋላ ፍርድ ሲሰጥ፥ መጀመሪያ የሚናገረው በማዕርግ የሁሉ ታናሽ የሆነው ዳኛ ነበር፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚበልጠው፥ ከዚያም ከዚያ የሚበልጠው እያለ ቃሉ ወደ ላይ ይወጣና፥ በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ የሁሉን ሰምተው ፍርዱን ይዘጉታል። ይህን ሥርዓት ያቆሙ ሰዎች የሰውን ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ። ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ፥ ለታናሹ የሚቀረው የታላቁን ቃል ማድነቅ ወይም መድገም ብቻ ነው፤ ታናሹ ቀድሞ ከተናገረ ግን የማንንም ፊት ሳያይ ያሰበውን ይናገራል፥ ታላቁም ከሁሉ በኋላ ሲናገር የሁሉን ዕውቀት ይዞ ይናገራል። የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ሆኖ ስለሚቀር ሥልጣናቸው በዚህ አንዲት ስንዝር አልቀነሰም፤ የፍርዳቸው ጥራት ግን ጨመረ።

እንግዲህ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አለቃ ቀድሞ ተናግሮ፥ አስተያየቱን አስታውቆ፥ ከዚያ በኋላ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅበት ልማድ፥ አንዳንዶች እንደሚያስቡት የባህላችን ግዴታ አይደለም። ከሁለቱ ውርሶች ደካማውን መርጠን ስለ ያዝን የመጣ ነው።

የቅኔ ቤቱ ሥርዓት

የጎጃም ደጋ ለኢትዮጵያ ካበረከታቸው ጉባኤያት መካከል ስመ ጥር የሆነው የቅኔው ጉባኤ ነው። ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ኤልያስ የሚባሉት ስሞች ከሩቅ አገር ያለ ደቀ መዝሙር ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በእግሩ እየተጓዘ የሚመጣባቸው ናቸው። በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ታላቁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ቀለም የቈጠሩት በዚህ ደጋ ጉባኤያት ነው፤ የአንደበታቸውም ውበት ከዚያ ምንጭ የተቀዳ ነው።

የቅኔ መምህር የሚመሩት ጉባኤ ደመወዝ የማይከፈልበት፥ የመገኘት ፊርማ የማይፈረምበት፥ ከየአገሩ የተሰበሰበ፥ በጠባይም በዕድሜም የተለያየ ተማሪ የሚኖርበት ነው። ተማሪው ቁራሹን ለምኖ ከቀመሰ በኋላ በየዛፉ ጥላና በየመስኩ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፥ እየበሰለ ሲሄድም ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውን ይዞ ሲመለስ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ግሡ የተዛነፈውን፥ አገባቡ የተፋለሰውን፥ ቤቱ ያልመታውን፥ ምሥጢሩ ያልሞላውን ለይተው በዚያችው ሰዓት ያርሙታል። ተማሪው ሲበዛ መምህሩ ሁሉን ብቻቸውን ሊሰሙ ስለማይችሉ፥ ከበሰሉት ተማሪዎች መካከል አስነጋሪ ይሾማሉ፤ አስነጋሪው የታናናሾቹን ቅኔ እየሰማ ያቀናል፥ ራሱም ወደ መምህሩ እየቀረበ ይማራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለዛሬ የሥራ መሪ ብዙ ትምህርት አለ። እርማቱ ከሥራው አይርቅም፤ ዛሬ የተቈጠረው ዛሬ ይታረማል እንጂ፥ ስሕተቱ ስድስት ወር ተከማችቶ በዓመቱ እኩሌታ በሚሞላ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ላይ በቍጥር አይገለጥም። የሚታረመውም ቅኔው ነው፤ ቤቱ ካልመታ «ቤቱ አልመታም» ይባላል፥ ተማሪውም የሚያቃናው ነገር ምን እንደ ሆነ ዐውቆ ይሄዳል። በየመሥሪያ ቤታችን ግምገማ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የከሸፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥራውን ትቶ ሰውየውን፥ የተሠራውን ትቶ ጠባዩን፥ ሊታረም የሚችለውን ትቶ ሊታረም የማይችለውን ስለሚነቅፍ፥ ተገምጋሚው ራሱን ከመከላከል በቀር የሚያቃናው ነገር ሳያገኝ ይወጣል።

አስነጋሪ የመሾሙም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። መምህሩ ሥራቸውን ለአስነጋሪው ሲያካፍሉ ድካማቸው መቅለሉ አንድ ጥቅም ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ነገ መምህር የሚሆነውን ሰው ዛሬ እያለማመዱ መሆናቸው ነው። ሁሉን ደብዳቤ ራሱ ካልፈረመ፥ ሁሉን ስብሰባ ራሱ ካልመራ ሥራው የሚበላሽ የሚመስለው ኃላፊ፥ አንድ ቀን ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱን ያለ ወራሽ ትቶት ይሄዳል።

በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ግን ሁሉም መልካም ነበር ማለት እውነትን መሸፈን ይሆናል። በብዙው የአብነት ትምህርት ቤት አለንጋው ቅርብ ነበር፤ ስለ ስሕተቱ የተገረፈ ሕፃን ብዙ ነው፥ ከፍርሃት የተነሣ ትምህርቱን ጥሎ የኮበለለም አለ። ስለዚህ ከአባቶች የምንወርሰው ጆሯቸውንና ጥንቃቄያቸውን ይሁን፤ አለንጋውን ባለበት እንተወው።

በ1960 ዓ.ም. የሆነው

መደማመጥ በጠፋ ጊዜ የሚከተለውን ጥፋት ለማየት የጎጃምን የቅርብ ታሪክ መግለጥ ይበቃል። በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፓርላማ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ አጸደቀ። ዐዋጁ ግብሩን ገበሬው በሚያገኘው ገቢ ልክ የሚያደርግ፥ ብዙ ያመረተው ብዙ፥ ጥቂት ያመረተው ጥቂት እንዲከፍል የታሰበ ስለ ነበረ፥ በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ሲነበብ ቀና ሐሳብ ይመስል ነበር። ሆኖም ዐዋጁ የሚሠራው ገቢው ሲገመት ነው፥ ገቢውም የሚገመተው ገማቾች ወደ ገበሬው ማሳ ሲገቡ ነው፤ በጎጃም ደግሞ ከመንግሥት የተላከ ሰው በማሳ ላይ ቆሞ መገመትና መመዝገብ ቀላል ነገር አልነበረም።

በጎጃም መሬት በዚያን ጊዜ ርስት ነበረ። ሰው ከዋና አባቱ ጀምሮ በአባትም በእናትም በኩል የትውልዱን ሐረግ እየቈጠረ የሚካፈለው፥ ባላገርነቱና ክብሩ የተመሠረተበት፥ ሲሞት ለልጁ የሚተወው ነገር ነበር። በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ርስት በባላገሩ ኑሮ ውስጥ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ሆነ በሰፊው አሳይቷል። እንግዲህ ባላገሩ የገማቹን መምጣት በሰማ ጊዜ ያየው ግብር ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ የተመዘገበ መሬት ነገ ይለካል፥ የተለካ መሬትም ከርስትነት ወጥቶ የመንግሥት ይሆናል የሚል ሥጋት ነበረበት። ይህ ሥጋት በአንድ ቀን የበቀለ አይደለም፤ ከጠላት ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ የወጣውን የመሬት ግብር ሥርዓት ጎጃም በብርቱ ተቃውሞ ነበርና፥ ታሪኩን የሚያስታውስ ባለሥልጣን ቢኖር የሚሆነውን አስቀድሞ ባወቀ ነበር።

የሆነውም በሞጣ፥ በብቸናና በዳሞት ባላገሩ ገማቾቹን ወደ ማሳው አላስገባም ማለቱ ነው። በጊዜው የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐይዩ ዕንቁ ሥላሴ በሕዝቡ ዘንድ አስቀድሞ ብዙ ቅሬታ ነበረባቸው፤ ባላገሩ ሽማግሎቹን እየመረጠ ወደ አዲስ አበባ ላከ፥ አቤቱታው ፈጥኖ ባለመሰማቱም ነገሩ ወደ ጦርነት ደረሰ፤ መንግሥት ጦር አዘመተ፥ ሰው አለቀ። በመጨረሻ እንደራሴው ተነሥተው በምትካቸው ደረጀ መኰንን ተሾሙ፥ የቆየው ውዝፍ ግብር ተማረ፥ ዐዋጁም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። መጀመሪያ ሊሰማ የሚገባው ቃል ደም ከፈሰሰ በኋላ ተሰማ።

ይህ የመንግሥትና የሕዝብ ታሪክ ስለ ሆነ ለአንድ ክፍል ኃላፊ ወይም ለአንድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ትምህርት የማይሆን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በትልቁ የታየው ጥፋት በትንሹም ሥራ ይደገማል። ዐዋጁን ያወጡት ሰዎች ማሳወቅን ከመነጋገር ለይተው አላዩም፤ ዐዋጁ በጋዜጣ ሲወጣ ሕዝቡ የሰማው መሰላቸው፥ እንደ ዛሬው ኃላፊ መመሪያውን በሰሌዳ ላይ ለጥፎ ወይም በቴሌግራም ልኮ ሠራተኛው የተረዳው እንደሚመስለው ማለት ነው። መልእክቱን ማን እንደሚያደርሰውም አላሰቡም፤ ሕዝብ የማያምነው ሰው የሚያመጣው ቃል መልካም ቢሆን እንኳ በመልካም አይተረጐምም። ከሁሉ ይልቅ ግን ባላገሩ አዲሱን ቃል የሚሰማው በቀድሞው ቃል ውስጥ እንደ ሆነ ዘነጉ። ባለፈው ዓመት «ለጥቅማችሁ ነው» ተብሎ ተታሎ ያዘነ ሠራተኛ፥ ዘንድሮ «ለጥቅማችሁ ነው» ሲባል የሚሰማው ያለፈውን ዓመት ነው።

በጮቄ ግርጌ የውኃ ልኩ ገመድ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ያለው የጮቄ ተራራ ራሱ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ከእርሱ የሚፈልቁት ብዙ ወንዞች ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፥ ከውኃው ጋራም የደጋው አፈር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በየዓመቱ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላና የበልግም ሆነ የክረምት እርሻ ከመጀመሩ በፊት፥ በተለይም በጥርና በየካቲት፥ ባላገሩ በየቀበሌው በቡድን ተከፋፍሎ የተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፥ ቦይ ይቈፍራል፥ ቦረቦሩን ይከትራል።

እርከኑ የሚሠራበትን መስመር መቀየስ ሦስት ሰው ይፈልጋል። ሁለቱ እኩል ቁመት ያላቸውን ሁለት እንጨቶች ይይዛሉ፥ በእንጨቶቹ መካከል ዐሥር ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገመድ ይወጠራል፥ በገመዱም እኩሌታ ላይ ውኃ ልክ ይንጠለጠላል። ሦስተኛው ሰው ውኃ ልኩን እያየ «ወደ ላይ፥ ጥቂት ወደ ታች፥ በቃ፥ ቁም» ይላል፤ በቃሉ መሠረት ባለ እንጨቱ ይንቀሳቀሳል፥ ቦታው ሲገኝም ካስማ ይተከላል። ባለ እንጨቶቹ ውኃ ልኩን አያዩትም፤ የሚያየው መካከለኛው ብቻ ነው። እርሱ ደግሞ በመስመሩ ራስ የቆመውን የቡድን አለቃ ለማስደሰት፥ ወይም የቀኑ ዕቅድ እንዲሞላ፥ ልኩ ሳይስተካከል «በቃ» ቢል፥ በዚያ ቀን ማንም አይነቃበትም፥ ካስማው ይተከላል፥ አፈሩ ይቈፈራል፥ በሪፖርቱ ላይም ይህን ያህል ሜትር ተሠራ ተብሎ ይጻፋል። በሐምሌ ዝናሙ ሲመጣ ግን ውኃው ወዳዘነበለው ጫፍ ሮጦ እርከኑን ይንደዋል፥ በታች ያለውንም ማሳ ጠርጎ ይወስደዋል። አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ለመሥራት አንድ ሰው 150 ቀን የሚሠራው ሥራ ያህል ድካም እንደሚጠይቅ የእርሻ ሚኒስቴር መመሪያ ይገምታል፤ ያ ሁሉ ድካም በአንዲት የሐሰት «በቃ» ከንቱ ይሆናል።

በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። ከገንዘብ ያዡ፥ ከመጋዘን ጠባቂው፥ ከመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፥ ከማዋለጃ ክፍሏ ነርስ በቀር የሥራውን ልክ በዓይኑ የሚያይ የለም። አለቃው ዕቅድ ባልሞላ ቍጥር የሚቈጣ ከሆነ፥ እነርሱ የሚያቀርቡለት ቍጥር ዕቅዱን የሚሞላ ይሆናል፤ ዕቅዱ የተሞላበት ወረቀትና ሥራው የተሠራበት መስክ እየተራራቁ ሄደው፥ አንድ ቀን ክረምቱ ይገልጣቸዋል።

በዚህ ረገድ በደምበጫ አቅራቢያ ያለው የአንጀኒ ተፋሰስ ሊጠቀስ ይገባዋል። በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተከፈተበት ይህ ትንሽ ተፋሰስ፥ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ አፈሩ ወደ ላይ እየተጣለ የሚሠራው እርከን ተሠርቶበት፥ ያ እርከን በዓመታት ውስጥ እየተደለደለ ተዳፋቱን ወደ ደረጃ የለወጠበት ሥፍራ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ዘመቻ አያልቅም፤ የተናደውን በየዓመቱ የሚጠግነው ባለ ማሳው ነው። ባለ ማሳው የሚጠግነውም የራሱ ያደረገውን ሥራ ነው፤ ዓምና ጐርፉ በየት እንደ መጣ፥ በሬዎቹ በየት እንደሚዞሩ፥ ውኃው በየት መውጫ እንደሚያገኝ ተጠይቆ የተናገረ ሰው፥ እርከኑ የእርሱ ነው፤ ሳይጠየቅ የተሠራለት ሰው ግን የመንግሥት እርከን በማሳው ውስጥ እንዳለ ያስባል።

ከሩቅ አገር ማስረጃ

የበታች ቃል ወደ አለቃው ጆሮ አለመድረሱ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በስፔን ግዛት በቴኔሪፍ ደሴት የአውሮፕላን ማረፊያ፥ ጉም በሸፈነው ሜዳ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። የኔዘርላንዱ አውሮፕላን አለቃ በአየር መንገዱ ዘንድ እጅግ የተከበሩ አብራሪ ነበሩ፤ የመነሣት ፈቃድ ሳያገኙ አውሮፕላኑን ማስሮጥ ሲጀምሩ፥ የበረራው መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከሜዳው ወጥቶ እንደ ሆነ በጥርጣሬ ጠየቃቸው፤ እርሳቸው ግን እንደ ወጣ በእርግጠኝነት መለሱለት፥ እርሱም ከዚያ በላይ አልተከራከረም። ከዚህና ከመሰሎቹ አደጋዎች በኋላ የዓለም አየር መንገዶች አለቃው የበታቹን ጥርጣሬ እንዲሰማ፥ የበታቹም ጥርጣሬውን ደጋግሞና ገልጦ እንዲናገር የሚያሠለጥን ትምህርት ጀመሩ።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2008 እ.ኤ.አ. ለቀዶ ሕክምና አንድ የማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ፥ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር የሚያዝ ነው። በተለያዩ አገሮች በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ሲሞከር፥ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት በሽተኞች ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረዱ። አንድ ጊዜ ስሟን በጉባኤ የተናገረች ነርስ፥ ሐኪሙ ሲሳሳት «ዶክተር፥ ይቆዩ» ለማለት ድፍረት ታገኛለች፤ ምንም ያልተናገረች ግን በዝምታዋ ትቀጥላለች። የሐርቫርዷ ምሁር ኤሚ ኤድመንድሰንም በሆስፒታል የሚሠሩ ቡድኖችን ስታጠና፥ መልካም አመራር ያላቸው ቡድኖች ከሌሎቹ የበለጠ ስሕተት ሲያመለክቱ አገኘች፤ በኋላ እንደ ተረዳችው፥ እነዚያ ቡድኖች ስሕተታቸውን ያለ ፍርሃት ስለሚናገሩ እንጂ ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚሳሳቱ አልነበረም።

ወርቁን ማስቀደም

እዚህ ላይ የእኛን ጠባይ የሚመለከት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ ጐዶሎ ይሆናል። እኛ በቅኔ ያደግን ሕዝብ ነን፤ ነገርን በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለሚያስተውል መተው፥ ቅሬታን በተረት፥ ወቀሳን በምሳሌ ማቅረብ የአእምሯችን ጌጥ ነው። በማሕሌት ይህ ጥበብ ነው፥ በሽምግልናም ቂምን ያበርዳል። በሥራ ላይ ግን አደጋ አለው። አለቃ «ይህ ነገር ቢታሰብበት መልካም ነበር» ሲል አንዱ ሠራተኛ ምክር ነው ብሎ ይተወዋል፥ ሌላው ቍጣ ነው ብሎ ይደነግጣል፥ ሦስተኛው ትእዛዝ ነው ብሎ ይጀምረዋል፤ ሦስቱም በኋላ ይጋጫሉ። ስለዚህ የሥራ ትእዛዝ ምን፥ በማን፥ እስከ መቼ እንደሚሠራ ወርቁን አስቀድሞ ይንገር፤ ከዚያም ተቀባዩ የተረዳውን በራሱ ቃል እንዲመልሰው ይጠየቅ፤ ይህም በማሕሌት ግራው የቀኙን ቃል ተቀብሎ እንደሚመልሰው ነው። ሲመልስ ቢሳሳት ስሕተቱ እዚያው ይታረማል፤ ሳይመልስ ቢሄድ ግን ስሕተቱ የሚታወቀው ሥራው ከተበላሸ በኋላ ነው።

የተቀረውም ቢሆን ከባድ አይደለም፥ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ኃላፊው ስብሰባ ሲጠራ ሐሳቡን በመጨረሻ ይናገር፥ በማዕርግ ከሁሉ የሚያንሰውንም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የተነገረውን ሐሳብ ባይቀበል እንኳ ለምን እንዳልተቀበለ ለተናጋሪው ይንገረው፥ ምክንያቱን የሰማ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ይናገራልና። ወቀሳውን ለብቻ፥ ምስጋናውን በጉባኤ ያድርግ። ክፉ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያመስግን፤ በዚያች ደቂቃ የሚያሳየው ፊት የሌሎቹን ሁሉ አፍ ለዓመታት ይከፍታል ወይም ይዘጋል። የሚያደርገውን ሳይናገር፥ የተናገረውንም ሳያደርግ አይቅር፤ የመሪ ቃል የሚታመነው ከአንደበቱ ውበት ይልቅ ባለፈው ወር ከተናገረው በተፈጸመው መጠን ነው።

በዚህ ላይ «ጊዜ የለንም» የሚል ክርክር ይነሣል፤ የሚሠራ ሥራ እያለ ሁሉን ሲያዳምጡ መዋል አይቻልም ይባላል። ክርክሩ ሐሰት አይደለም፤ በእሳት ቃጠሎ ወይም በጽኑ ሕሙም አልጋ አጠገብ አንድ ሰው ሊያዝ፥ ሌላው ሊታዘዝ ግድ ነው። ነገር ግን በጭንቅ ሰዓት ያለ ጥያቄ የሚታዘዙት በሰላም ሰዓት የተደመጡት ናቸው። የጎጃም ባላገር በ1960 ዓ.ም. እንቢ ያለው በአንድ ቀን ተነሥቶ አይደለም፤ ብዙ ዓመት ሳይሰማ ቆይቶ ነው፥ እርሱን ለማዳመጥ ያልተገኘው ጊዜም በኋላ በጦርነትና በድርድር በእጥፍ ተከፍሏል።

አንድ የሥራ መሪ ራሱን ሊመረምር ቢወድ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ በሥሩ ባለው ሥራ ላይ ስሕተት ሲደርስ፥ ወሬውን የሚሰማው ከማንና መቼ ነው? ከባለጉዳይ አቤቱታ ወይም ከበላይ አለቃ ወቀሳ የሚሰማው ከሆነ፥ ጓዶቹ ከእርሱ ርቀዋል ማለት ነው፤ የተሳሳተው ሠራተኛ ራሱ በዚያው ቀን ደጁን አንኳኩቶ የሚነግረው ከሆነ ግን፥ መሪነቱ የእውነት ነው። እኛም ሹመት የምንሰጥ፥ ሹመትንም የምንመሰክር ሰዎች፥ ዕጩው ስንት ዲግሪ እንዳለውና በአንደበቱ እንዴት እንደሚያምር ጠይቀን አናብቃ፤ ከዚህ በፊት በሥሩ የሠሩትን፥ ከእነርሱም ታናሹን ጠርተን፥ «ሲነግሩት ይሰማ ነበር ወይ?» ብለን እንጠይቅ፥ መልሱንም ከሌላው ማስረጃ ሁሉ አስቀድመን እንቍጠር።